የመብራት ሒሳባችን ከየት ይመጣል?

በየወሩ እናጉረመርማለን፤ በየወሩ እንከፍላለን። ለመሆኑ ቆጣሪው የሚቆጥረው ምንድን ነው? ሒሳቡስ እንዴት ይሠራል?

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሕፃኑን አጥብቼ እንዳስተኛሁ የወሩን የመብራት ሒሳብ ልክፈል ብዬ ስልኬን አነሳሁና ቴሌብር ከፈትኩ። የመጣውን ቁጥር ሳይ የሌላ ሰው ሒሳብ መሰለኝ። ከሦስት ወር በፊት ከምንከፍለው ጋር ሲተያይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ከወጥ ቤት የእንጀራ ሽታ ይመጣል። ሳላስበው እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ። "ይኼን ምጣድ ቀኑን ሙሉ ነው እንዴ የምትለኩሺው?" አልኳት ቤታችንን የምታግዘንን ልጅ። ሦስት ዓመት አብራን ኖራለች፤ ማታ ማታ ትማራለች። "እትዬ፣ እኔ በሳምንት ሁለቴ ነው የምጋግረው። ድሮም እንደዚሁ ነው" አለችኝና ፊቷን ወደ ምጣዱ መለሰች። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ባለቤቴ ከሳሎን ሰምቶ ኖሮ "መጀመሪያ አስልተሽ ቢሆን ጥሩ ነበር" አለኝ። ንግግሩ ቢያናድደኝም እውነቱን ነው። የምሠራው ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ወጪ ትንሽ ከፍ ካለ የትኛው ሚዲያ ላይ፣ በየትኛው ሳምንት፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ፊርማዬን አላኖርም። የቤቴን የመብራት ሒሳብ ግን ስንት ዓመት ሙሉ የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይቼ ነው የከፈልኩት። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ቆጣሪው የሚቆጥረው

ቆጣሪያችን የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት የሚባለውን መለኪያ ነው። ስሙ ቢያስፈራም ነገሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከጀርባው ወይም ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስንት ዋት እንደሆነ ተጽፎበታል። ዋቱን ዕቃው በሠራበት ሰዓት ያባዙና ለ1,000 ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 100 ሰዓት ቢበራ የሚፈጀው 1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ ግን ይህንኑ ያህል ለመፍጀት 17 ደቂቃ ይበቃዋል። ባለ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ጀበና ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ልጆቻችንን "መብራት አጥፉ!" እያልን የምንቆጣው ክፋት ባይኖረውም ትልቁን ገንዘብ የሚወስደው አምፖሉ አይደለም። በቤት ውስጥ ብዙ የሚበላው ሙቀት የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ቦይለር፣ ካውያ።

ወሩ ሲያልቅ ያለፈው ንባብ ከአሁኑ ንባብ ላይ ተቀንሶ የተረፈው ፍጆታችን ይሆናል። የእኛ ሲቀነስ 325 ኪሎዋት ሰዓት መጣ። ከሦስት ወር በፊት የነበረውን ፈልጌ ሳገኝ 210 ነበር።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ፍጆታችን ያደገው በግማሽ ገደማ ነው። ሒሳቡ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለምን?

ደረጃ በወጣን ቁጥር ዋጋው ይጨምራል

መልሱ ታሪፉ ውስጥ ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ ኤሌክትሪክ አንድ ዋጋ የለውም። የወር ፍጆታ በሰባት እርከን ይከፈላል፦ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300፣ እስከ 400፣ እስከ 500 እና ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ። እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ሐሳቡ ጥቂት የሚጠቀመው ቤተሰብ እንዲደጎም፣ ብዙ የሚጠቀመው ደግሞ ወደ እውነተኛው ዋጋ ተጠግቶ እንዲከፍል ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም ተጀምሮ በየዓመቱ ከፍ እያለ በ2014 ዓ.ም የመጨረሻው ደረጃ ላይ በደረሰው ታሪፍ፣ የመጀመሪያው እርከን ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ሲሆን ከ500 በላይ ያለው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ እንዲስተካከል ተወስኗል። ስለዚህ አንድም አምፖል ሳንጨምር ሒሳባችን ካለፈው ሩብ ዓመት ሊበልጥ ይችላል። በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣበታል። ወርሃዊው የአገልግሎት ክፍያም አለ።

ለዚህ ነው የዘንድሮን ብር ከአምናው ብር ጋር ማወዳደር የሚያሳስተን። ማወዳደር ያለብን ኪሎዋት ሰዓቱን ነው። ብሩ በእኛም በታሪፉም ምክንያት ይለወጣል፤ ኪሎዋት ሰዓቱ የሚነግረን ግን የቤታችንን ነገር ብቻ ነው።

የቤታችን ጓዳ በወረቀት ላይ

ቀጥሎ ዕቃዎቻችንን አንድ በአንድ ጻፍኩ።

ምጣዱ፦ 3,500 ዋት። አንድ ጋገራ ማሞቂያውን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ 7 ኪሎዋት ሰዓት። በሳምንት ሁለቴ ሲሆን 14፣ በወር 60 ገደማ።

ምድጃው፦ 1,500 ዋት። በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት፤ በወር 45።

ፍሪጁ፦ ቀንና ሌሊት ቢሰካም ሞተሩ የሚሠራው እያረፈ ነው። በወር 40 ገደማ።

አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የስልክ ቻርጀር ሁሉም ተደምረው 30።

ድምሩ 175 ሆነ። ከ325 ላይ ሲቀነስ 150 ኪሎዋት ሰዓት ባለቤት አጣ። የወር ፍጆታችን ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው! የከሰስኩት ምጣድ ደግሞ ከሦስት ወር በፊትም 60 ነበር፤ አሁንም 60 ነው። ልጅቷ የነገረችኝ በወረቀት ላይ ተረጋገጠ።

የሌሊቱ ሙከራ

ያልጻፍኩት አንድ ዕቃ ነበር፤ ቦይለር። ልጃችን ሳይወለድ በፊት ገላችንን ከመታጠባችን አንድ ሰዓት ቀደም ብለን እናበራና እናጠፋው ነበር። ባለ 1,500 ዋት ስለሆነ በወር 45 ገደማ ይፈጃል። ሕፃኑ ከመጣ ወዲህ ግን "ሙቅ ውሃ በማንኛውም ሰዓት ሊያስፈልግ ይችላል" ብዬ ማብሪያውን ራሴ ነኝ በርቶ እንዲቀር ያደረግኩት። ጭራሹን ረስቼው ነበር።

ግምት ብቻ እንዳይሆን ሞከርነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ወርዶ የቆጣሪውን ፎቶ አነሳ። ሁላችንም ተኛን። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ አነሳ። ማንም ምንም ሳይነካ 3 ኪሎዋት ሰዓት ቆጥሯል። በማግሥቱ ማታ ቦይለሩን ከብሬከሩ አጥፍተን ተኛን። ጠዋት ስናየው አንድ እንኳ አልሞላም።

እርግጥ ከሦስቱ ውስጥ የተወሰነው ማታ ሕፃኑን ያጠብንበትን ውሃ ለመተካት የሄደ ነው። የምንጠቀምበት ውሃ መቼም ቢሆን መሞቁ አይቀርም። የሚያከስረን ሌላው ነው። ማንም ሳይነካው በራሱ የሚቀዘቅዘውን ውሃ ቦይለሩ ሌሊቱን ሙሉ መልሶ መላልሶ ያሞቀዋል። ቀን ሁላችንም ሥራ ስንውልም ያንኑ ያደርጋል። ውሃው በሚፈለገው ልክ ሲሞቅ ራሱን ስለሚያጠፋ 24 ሰዓት ባይሠራም፣ ተደማምሮ በቀን ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ከሠራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 150። የጠፋብኝ ቁጥር ይኸው ተገኘ።

የጋራ ቆጣሪ ሲሆን

ይህን ለእናቴ ብነግራት "እስቲ የእኔንም ተመልከችልኝ" አለችኝ። እናቴ ግቢዋ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ቤት ታከራያለች። ቆጣሪው አንድ ነው፤ ሒሳቡ በሰው ቁጥር ይካፈላል። ተከራዮቹ ማጉረምረም ጀምረዋል፤ እሷም "የሰው ገንዘብ በልቼ አላውቅም" እያለች ታዝናለች።

ነገሩን ለማየት ቁጥር እንስጠው። እናቴ 120፣ ባልና ሚስቱ 80፣ ብቻውን የሚኖረው ልጅ 30 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ልጁ በመጀመሪያው እርከን፣ ባልና ሚስቱ በሁለተኛው፣ እናቴ በሦስተኛው ይቀመጡ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን 230 ሆነው አራተኛው እርከን ላይ ይወጣሉ፤ ታክሱም ይመጣል። ማንም ማንንም አላታለለም፤ እርከኑ ነው ያጣላቸው። አምፖልና ስልክ ብቻ ያለው ልጅ ምጣድ ካለው ቤት እኩል ሲከፍል ደግሞ ቅሬታው እውነት አለው።

በየክፍሉ መግቢያ ትንሽ ቆጣሪ ማስገጠም ማን ስንት እንደተጠቀመ ያሳያል፤ ክፍፍሉም ፍትሐዊ ይሆናል። እርከኑን ግን አይለውጠውም፤ ሒሳቡ የሚሠራው በዋናው ቆጣሪ ነውና። ለዚያ የሚበጀው ለየቤቱ የራሱን ቆጣሪ ማስገባት ነው።

በዚህ ወር ምን እናድርግ?

ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የቆጣሪዎን ፎቶ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ያንሱ። በአሮጌው ባለ ጎማ ቆጣሪ ላይ መጨረሻ ያለችው በቀይ የተለየች አሃዝ የነጥብ ቤት ናትና አይቁጠሯት። ፎቶው ላይ ያለው ንባብና ሒሳቡ ላይ ያለው "የአሁን ንባብ" ካልተቀራረቡ በቂ ማስረጃ ይዘዋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል ቁጥር 905 ነው።

በሁለት ንባቦች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ይቁጠሩ። የ38 ቀን ፍጆታ ከ28 ቀን ፍጆታ ጋር አይወዳደርም። ፍጆታውን ለቀኑ አካፍለው የቀኑን አማካይ ያወዳድሩ።

ለፍጆታ ብቻ የተጠየቁትን ብር ለኪሎዋት ሰዓቱ ያካፍሉ። የሚያገኙት አንዱ ኪሎዋት ሰዓት በአማካይ ስንት እንደወጣብዎ ነው። ከወር ወር ይህ ቁጥር ከፍ ካለ ወይ እርከን ወጥተዋል፣ ወይ ታሪፉ ተስተካክሏል። ቁጥሩ ባለበት ሆኖ ብሩ ብቻ ከጨመረ ግን ምክንያቱ ቤትዎ ውስጥ ነው።

የሌሊቱን ሙከራ አንድ ጊዜ ይሞክሩት። ወጪው ሁለት ፎቶ ብቻ ነው።

ካርድ የሚሞሉ ከሆነም ነገሩ ያው ነው። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ገንዘቡን አስቀድሞ ይቀበላል እንጂ ቦይለሩ የሚበላውን አይቀንስም። እንዲያውም በየቀኑ ስንት እንደቀረ ስለሚያሳይ ለመከታተል ይመቻል።

ወረቀቱን ካጠፍኩ በኋላ

እኛ ቦይለሩን በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ እናበራለን፤ የሕፃኑ ሙቅ ውሃ ደግሞ በፔርሙስ ይቀመጣል። ምጣዱ ሁለት ጊዜ ከባዶ እንዳይሞቅ በሳምንት አንድ ጊዜ በርከት አድርጎ መጋገር የልጅቷ ሐሳብ ነበር። ሽሮም ሆነ ምስር ድስቱ ተከድኖ ይሠራል። በሚቀጥለው ወር ፍጆታችን 226 ሆነ። ከ200 በታች ወረድን ብዬ ልፎክር አልችልም፤ ግን ወደ መቶ የሚጠጋ ኪሎዋት ሰዓት ቀንሰናል፤ ማንም የቀረበት ነገር የለም።

ሒሳቡን ያገኘሁ ዕለት ማታ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወረቀቱን አሳየኋት። "የምጣዱ አይደለም፤ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። ወረቀቱን ተቀብላ ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አየችና ሳቅ አለች። "እትዬ፣ እኛም ይኼን በፊዚክስ ተምረናል እኮ። ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ የቆጣሪውን ፎቶ የምታነሳው እሷ ናት። ማባዛቱና መደመሩም የእሷ ሆኗል።