ላም ወተቷን ስለምትይዝበት ምክንያት

በአምባራስና በደባርቅ ደጋ ላም የሚያልብ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ጥጃው ቀድሞ ካልጠባ ላሚቱ ወተቷን አትለቅም። በአገራችን በብዙ ስፍራ ጥጃው የሞተ እንደ ሆነ ቆዳውን ገለባ ሞልተው ከፊቷ ያቆሙላታል፤ እርስዋም ስትልሰው ወተቱ ይወርዳል። እንግዳ ሰው ቢያየው ጨዋታ ይመስለው ይሆናል፤ ሊቃውንት ግን ምክንያቱን ዘግይተው ደረሱበት።

ጥጃው ጡቷን ሲገፋ ስሜቱ ወደ አንጎል ይወጣል። ከአንጎል ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ ኦክሲቶሲን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይፈሳል፤ በግቷ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ጡንቻዎች አኮማትሮ ወተቱን ወደ ጡት ይገፋዋል። ኃይሉ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ፥ አላቢ ከጀመረ በኋላ ወሬ ሊይዝ አይገባውም። ላም ደግሞ ትማራለች፤ የለመደችውን ድምፅ ስትሰማ ወይም የማለቢያውን ቅል ስታይ፥ ገና ሳትነካ ወተቷን ልትለቅ ትችላለች።

ፍርሃትንም እንዲሁ ትማራለች። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1941 ኢሊና ፒተርሰን የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በላም ጀርባ ላይ ድመት አስቀምጠው በየ10 ሴኮንዱ የወረቀት ከረጢት አፈነዱ፤ ወተቱ ተያዘ። (ድመቲቱ ኋላ አላስፈለገችም፤ ፍንዳታው ብቻውን በቃ።) አድሬናሊን የተባለውን የድንጋጤ ንጥረ ነገር በመርፌ ሲሰጧትም እንዲሁ ሆነ። በ1999 በወጣ ጥናት ደግሞ፥ ቀድሞ ክፉ የሠራባት ሰው በእልቢያ ጊዜ አጠገቧ ቢቆም ብቻ፥ በግቷ የሚቀረው ወተት እንደሚበዛ ታየ።

የዱር አውሬም ከዚህ አያመልጥም። በስሜን ተራሮች ጭላዳዎችን ያጠኑ ሊቃውንት በ2012 እንዳስታወቁት፥ አዲስ አውራ መንጋውን ሲይዝ ከርጉዞቹ የሚበዙት ያስወርዳሉ፤ ይህም ከዓይነ ምድራቸው በተለካ ሆርሞን ታውቋል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት ከብት ለክትባት በሚያሰበስቡበት ጊዜ በጩኸትና በዱላ እንዳይነዳ ይከልክሉ። ላሚቱ ቦታውንና ሰውየውን አያይዛ ታስታውሳለችና። ሥራው ከጠዋቱ እልቢያ በኋላ ይሁን፤ ውሻ ይታሰር፤ ጥጃዋም ከአጠገቧ አይራቅ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ነጠፈች ተብላ ወደ ዳባት ገበያ የምትነዳ ላም ናት። ብዙ ጊዜ ያልነጠፈች፥ የያዘች ብቻ ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን ወተቱ በግቷ እየቀረ ቀናት ካለፉ በእውነት ትነጥፋለች፤ ስለዚህ ጊዜ አይሰጥም። ባለቤቱ ሳይሸጣት ጥጃዋ መቼ እንደ ሞተ፥ አላቢዋ ተለውጦ እንደ ሆነ፥ በዚያ ሰሞንም ማን እንደ መታት ይጠየቅ።