ኮሶ ለምን አይለቀንም?

ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ የኮሶን ዛፍ አይቶ፣ ሰዉ አበባውን ለምን እንደሚጠጣም ጽፏል። ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦችም ተመሳሳይ ነገር መዝግበዋል፤ ትልቅም ትንሽም በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። የደረቀው አበባ ተወቅጦ በውኃ ይበጠበጥና በባዶ ሆድ ይጨለጥ ነበር። የጠጣ ሰው ደጁን ዘግቶ ስለሚውል እንግዳ "ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል" ተብሎ ይመለስ ነበር። እንግዳ ላልፈለገ ሰው ምን ያህል የተመቸ ሰበብ እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

የሚጠጣው የሆድ ትል ለማስወጣት ነበር፤ ግን ለምን ደጋግሞ መጠጣት አስፈለገ? የከብት ሥጋ የሚያመጣው የኮሶ ትል በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ በአራት መምጠጫዎች ተጣብቆ ይኖራል። አዳዲስ ቁራጮች የሚያበቅለው ከአንገቱ ሲሆን፣ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። አበባው ረጅሙን አካል ይጥል እንጂ ጭንቅላቱን ሁልጊዜ አያስለቅቅም። ጭንቅላቱ ከቀረ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ቁራጮች እንደገና መውጣት ይጀምራሉ። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ አበባው ዓይን እስከ ማጥፋት የሚደርስ መርዝ ነው።

አብዛኛው ሰው ትሉ እንዳለበት የሚያውቀው በሕመም አይደለም። ሁለት ሴንቲሜትር የሚሆን ነጭ፣ ጠፍጣፋ ቁራጭ ሰገራ ሳይመጣ እንኳ በራሱ ጊዜ ተንፏቆ ይወጣል፤ በውስጥ ሱሪ ላይ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ምርመራ ሳያስፈልገው ደንግጦ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የፊንጢጣ ማሳከክ ያለበትም አለ። "ኮሶ ያከሳል" የሚባለው ግን በአብዛኛው የተጋነነ ነው።

ክርክራችን ሁሉ ጥሬ ሥጋ ላይ ያተኩራል፤ የታሪኩ ግማሽ ግን ሜዳ ላይ ነው ያለው። አንድ የበሰለ ቁራጭ እስከ 100,000 እንቁላል ሊይዝ ይችላል። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣር ላይ ይበተናል፣ እዚያም ለወራት ይቆያል። ሣሩን የጋጠው በሬ ጡንቻ ውስጥ ከአንድ ሴንቲሜትር የማይበልጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፤ ሥጋውን በጥሬው የበላ ሰው ደግሞ ትሉን ያሳድጋል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት በ1861 እንቁላሉን ለጥጃ አብልቶ ከረጢቱን በጡንቻው ውስጥ አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ግልጽ ነው፦ በሬው ከሰው ነው የሚይዘው።

ቄራ ላይ የሥጋ መርማሪው የመንጋጋውን ሥጋ፣ ምላሱንና ልቡን እየተለተለ ከረጢት ይፈልጋል። ጥቂት ብቻ ከሆኑ ያመልጡታል። በበዓል በየሰፈሩ ለቅርጫ የሚታረደውን ሰንጋ ደግሞ ማን ይመረምረዋል? ሚጥሚጣም ሆነ አዋዜ፣ ከላዩ የሚጠጣው አረቄም ቢሆን ከረጢቱን አይገድሉትም። የሚገድለው ሥጋውን እስከ መሀሉ በደንብ ማብሰል፣ አለዚያም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ቀን ማቆየት ነው። ለብለብ ክትፎ ደግሞ ውስጡ ጥሬ ነው።

ዛሬ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በሐኪም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ተወስዶ ትሉን ከነጭንቅላቱ ይነቅላል። ለወስፋት የሚወሰደው አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ግን ለኮሶ አይታመንም። ብዙም የማይነገረው ሌላው ነገር መድኃኒቱ ትሉን ይግደል እንጂ እንቁላሉን አለመግደሉ ነው፤ ስለዚህ ታካሚው በዚያ ሰሞን ሽንት ቤት ካልተጠቀመ፣ እሱ ድኖ ሳለ የጎረቤቱ በሬ ሊያዝ ይችላል።