ማሞቂያው ከመሰቀሉ በፊት ጣሪያው ይታይ

ደብረ ማርቆስ የሚገባ የግድግዳ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው ዋቱ ነው፤ 1,000፣ 1,500 ወይም 2,000። ገዢው ቁጥሩን ያይና «ክፍሌን ያሞቅልኛል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያለው ግን እቤቱ፣ ጣሪያው ላይ ነው። ዕቃው ሲሠራ የታሰበለት ቤት መስኮቱ ድርብ መስታወት የሆነ፣ ጣሪያውና ግድግዳው ሙቀት በሚይዝ ወፍራም ነገር የተሸፈነ ነው። የጎጃም ደጋ ቤት ባብዛኛው የባሕር ዛፍ ማገር፣ ጭድ የገባበት ጭቃና ከላይ ቆርቆሮ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ማሞቂያ መግጠም ይቻላል፤ ጥሩም ነገር ነው። ሥራው የሚጀመረው ግን ከማሞቂያው አይደለም።

ብርዱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በስተሰሜን ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ጮቄ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። መሬትም ሆነ ጣሪያ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት በማይታይ ጨረር መልክ ወደ ላይ ይለቃል። ደመና ቢኖር ከፊሉን መልሶ ወደ ታች ይልከው ነበር፤ በጋ ግን ደመና የለም፤ አየሩም ስስና ደረቅ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ እንደወጣ ይቀራል፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ከፍ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ደግሞ ውርጭ ማሳውን ይመታል። ቆርቆሮ ስስ ብረት በመሆኑ ሙቀቱን ከሁሉ ፈጥኖ ይጥላል፤ ሌሊት ላይ በዙሪያው ካለው አየር እንኳ ይቀዘቅዛል። ኮርኒስ በሌለው ቤት ማለዳ ከላይ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ዝናብ አይደለም፤ ሰዎቹ ሌሊቱን ሙሉ የተነፈሱት እርጥበት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ወደ ውሃ ተለውጦ ነው።

የሐምሌና የነሐሴ ብርድ ደግሞ ሌላ ነው። ያኔ ሌሊቱ እንደ ታኅሣሥ አይከፋም፤ ቀኑ ግን ፀሐይ አጥቶ ሳይሞቅ ይመሻል። ዝናብ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ ከደረቀው ይልቅ ሙቀት ያሾልካል፤ በዚያ ላይ እርጥበቱ ሲተን ከግድግዳው ራሱ ሙቀት ይወስዳል። «ቤቱ ያንቀጠቅጣል፣ ውጭው ይሻላል» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የድሮው ሣር ክዳን በዚህ ረገድ ቆርቆሮን ያስንቅ ነበር። በሣሩ መካከል ታስሮ የሚቀመጠው አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ቆርቆሮ የተመረጠው በየጊዜው ሣር ከመለወጥ ስለሚያሳርፍና እሳት ስለማይይዘው ነው፤ ምርጫውም ትክክል ነበር። ከሣሩ ጋር የሄደውን የሙቀት መያዣ የሚተካ ነገር ከሥሩ አለመደረጉ ነው ጉድለቱ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ መኝታ ክፍል እንውሰድ። በውስጡ 30 ሜትር ኪዩብ አየር አለ። በዚህ ከፍታ አየሩ የሚመዝነው ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ ጠቅላላ ክብደቱ 27 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህን አየር በ10 ዲግሪ ለማሞቅ 1,000 ዋት ማሞቂያ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። ታዲያ ለምን ሰዓት ሙሉ ተለኩሶ ክፍሉ አይሞቅም? ሙቀቱ እየወጣ ነዋ! ውጭው 8፣ ውስጡ 18 ዲግሪ ይሁን ብንል፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በኩል ብቻ በግምት 800 ዋት ይወጣል። ወደ ውጭ በሚያዩት ሁለት የጭቃ ግድግዳዎች 400 ዋት አካባቢ፣ በበርና በመስኮት ሽንቁር ደግሞ ወደ 200 ዋት ይሄዳል። በድምሩ 1,400 ዋት ነው። የ1,000 ዋቱ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም 18 ዲግሪ አይደርስም።

አሁን ከቆርቆሮው ሥር ችፑድ ኮርኒስ እንምታ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚታሰረው አየር ያግዛልና በጣሪያው የሚወጣው ሙቀት ወደ 300 ዋት ይወርዳል። ድምሩ 900 ዋት ሆነ፤ ያው ማሞቂያ በቃ ማለት ነው። አቡጀዲ የተወጠረበት ኮርኒስም፣ ከችፑድ ቢያንስም፣ ከምንም ይሻላል። ከኮርኒሱ በላይ ጭድ ወይም ሣር መጎዝጎዝ የሚያምረው ሰው አይጠፋም፤ ሙቀት በመያዝ በኩል ልክ ነው፤ ነገር ግን የመብራት ሽቦ የሚያልፈው እዚያው ስለሆነ ፈጽሞ አልመክርም። በሩ ሥር ጨርቅ መጠቅጠቅና የመስኮቱን ክፈፍ ዙሪያ በጭቃ ወይም በጂፕሰም መድፈን የቀረውን ይሠራል። ይህ ሁሉ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ የቆጣሪ ሒሳብ ግን በየወሩ ይመጣል።

ወደ ማሞቂያው እንለፍ። በውስጡ የተጠመዘዘው ሽቦ ብዙውን ጊዜ ኒክሮም የሚባል የኒኬልና የክሮሚየም ቅልቅል ነው፤ አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ በ1906 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ሲግል በላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ የክሮሚየም ዝገት ከሥሩ ያለውን ብረት ስለሚጠብቀው ቀይ ሆኖም ዓመታት ይቆያል። የኤሌክትሪክ ፍሰት በእንዲህ ዓይነት ሽቦ ሲያልፍ የሚወጣው ሙቀት በፍሰቱ ካሬ እንደሚያድግ ያሳየው እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ነው። ርካሹም ውዱም ማሞቂያ የበላውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ «ይኼኛው ኤሌክትሪክ አይበላም» የሚል ሻጭ አይታመን። ልዩነቱ ሙቀቱ የሚሄድበት ቦታ ላይ ነው። አየር የሚያሞቀው ዓይነት ኮርኒስ ላለውና ለተደፈነ ክፍል ይስማማል፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣም ዝቅ ተደርጎ ይሰቀላል። ፍም መስሎ የሚቀላው ባለ ጨረሩ ደግሞ አየሩን አልፎ በቀጥታ ሰውን ስለሚያሞቅ ንፋስ ለሚገባበት ክፍል ይሻላል፤ እሱ ግን ከመጋረጃ፣ ከአልጋ ልብስና ከልጅ እጅ ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ አለበት።

አሰቃቀሉ በጭቃ ቤት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በድሪል በስቶ ፊሸር መክተት ለብሎኬት ግድግዳ ነው፤ በጭቃ ውስጥ ፊሸሩ ጥቂት ቆይቶ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ብሎኑ መያዝ ያለበት እንጨት ነው፤ ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ በመፈለግ ቋሚውን ማግኘት ይቻላል። ይሁንና ያ ቋሚ ዓመታት የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው፤ ልስኑም ውስጥ ጭድ አለበት። ስለዚህ ማሞቂያው በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይለጠፍ። በሁለት ቋሚዎች ላይ አግድም ብረት ይታሰር፤ ከኋላው የማይነድ ሰሌዳ ይደረግ፤ በሰሌዳውና በግድግዳው መካከልም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተው። ግድግዳው ጋዜጣ ወይም ላስቲክ የተለጠፈበት ከሆነ ማሞቂያው በሚሰቀልበት ዙሪያ ተልጦ ይነሳ።

ሰው ሁሉ ችላ የሚለው፣ እሳትም የሚነሳበት፣ ሽቦው ነው። 2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፒር ገደማ ይስባል። ለአምፖል የተዘረጋው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለዚህ አልታሰበም፤ ከብሬከሩ ተነስቶ ሌላ ዕቃ ሳይቀጠልበት የሚመጣ የ2.5 ሽቦና የራሱ 16 አምፒር ብሬከር ይሁንለት። በዲቫይደር ከስልክ ቻርጀርና ከቴሌቪዥን ጋር አይሰካ። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድም ብቻውን 16 አምፒር ያህል ይወስዳል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ዋናው ብሬከር ቢወርድ ሥራውን እየሠራ ነው። «አስቸገረን» ብሎ በትልቅ ብሬከር ማስለወጥ ሽቦውን ያለ ጠባቂ መተው ነው።

የላላ ብሎን የሚያደርሰውን ጉዳት ላሳይ። ሶኬቱ ውስጥ ሽቦውን የያዘው ብሎን በደንብ ካልጠበቀ ግማሽ ኦም ያህል መቋቋም ሊፈጠር ይችላል። 9 አምፒር ሲያልፍበት፣ በጁል ሕግ 9 በ9 ተባዝቶ በግማሽ፣ 40 ዋት ይሆናል። ይህ ራዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበት ካውያ ጉልበት ነው፤ ይህ ሁሉ የምስር ቅንጣት በምታህል ቦታ ላይ፣ ከፕላስቲክ ጀርባ ተደብቆ ይግላል። ከምሰሶ የሚመጣውን አልሙኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልም ወደዚያው ያደርሳል፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ መገናኛቸው ይበላሻል። ማሞቂያው በተገጠመ ማግስት ግማሽ ሰዓት አሠርቶ፣ አጥፍቶና ነቅሎ የመሰኪያውን ጀርባ በእጅ መዳሰስ ነው። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ የሚያቃጥል፣ የሚሸት ወይም የጠቆረ ከሆነ ካቻቢቴ ያለው ባለሙያ ይጠራ። የብረት አካል ላለው ማሞቂያ ደግሞ ግራውንድ የግድ ነው። በክረምት እርጥብ መሬት ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ሰው በሰውነቱ ፍሰት እንዳያልፍ ግራውንዱና 30 ሚሊ አምፒር ፍንጣቂ ሲያይ የሚቆርጠው አር ሲ ዲ አብረው ይሠራሉ።

ለደጋ ሰው ልዩ የሆነ አንድ ነገር አለ። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለቤት ዕቃዎችና ለብሬከሮች ያወጣቸው መደበኛ መስፈርቶች ዕቃው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚሠራ ያስባሉ። ደብረ ማርቆስ ከዚያ በላይ ናት። ስስ አየር ከጋለ ሽቦ ላይ ሙቀት የሚያነሳው በዝግታ ስለሆነ ማሞቂያው ከታሰበው በላይ ይግላል። ዕቃው ይሠራል፤ ነገር ግን ባለ ሁለት ደረጃ ከሆነ በዝቅተኛው መጠቀምና በመመሪያው ከተጻፈው ርቀት ላይ መጨመር ተገቢ ነው።

የቮልቴጅ መውረድም አለ። ምሽት ሁሉም ሲለኩስ 220 የነበረው 180 ቢሆን 2,000 ዋቱ ማሞቂያ 1,340 ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ጉልበቱ በቮልቴጁ ካሬ ነውና። ሰው ያኔ ማሞቂያው ተበላሸ ይላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሞቂያው ወዲያው ከማብሪያው ይጥፋ። ተረስቶ፣ ልብስ ተሰጥቶበት፣ ቤቱ ተቆልፎ መብራት ቢመጣስ?

ወጪውን በተመለከተ፣ 1,000 ዋት በቀን ሦስት ሰዓት ከበራ በወር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ታሪፍ አጠቃቀም ሲጨምር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት በመሆኑ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቤቱን ሁሉ ለማሞቅ ከመድከም አንድ ክፍል መምረጥ ይሻላል።

እኔ የምመርጠው የአራስ ክፍል ነው። በደጋው አራስ ቤት ሲዘጋጅ በር ይዘጋል፣ ሽንቁር ይደፈናል፣ ከሰል በማንደጃ ይገባል። ከሰል ስለማይጨስ ንጹሕ ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ከደም ጋር ይጣበቃል። ኦክስጅኑ ከመጀመሪያውም ባነሰበት ከፍታ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ የወሊድ ድካም ተብሎ ይታለፋል። በሌላ በኩል ብርዱም ውሸት አይደለም፤ አዲስ የተወለደ ልጅ ሰውነቱን ራሱ በበቂ ሁኔታ ማሞቅ አይችልም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚወለድበት ክፍል ከ25 ዲግሪ እንዳያንስ ይመክራል። በጮቄ ሥር ባለ ቤት ይህን ያለ ከሰል ሊያደርግ የሚችለው ኮርኒስ ያለው ክፍልና በትክክል የተገጠመ ማሞቂያ ነው። ኃይሉም ጎጃምን ከዞረው ዓባይ ላይ ጭምር ይመጣል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

በአራስ ክፍል ማሞቂያው ከአልጋው ትይዩ ባለው ግድግዳ ይሁን፤ ቴርሞሜትር አልጋው አጠገብ ይንጠልጠል፤ ዳይፐርና ሻሽ ማሞቂያው ላይ አይሰጣ። መብራት ከጠፋ ከሰሉ አይመለስ፤ ሕፃኑ ልብሱ ወልቆ፣ ኮፍያው ብቻ ቀርቶ፣ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ይደረግና ሁለቱም ጋቢ ይልበሱ። ያለጊዜያቸው ለተወለዱት እንኳ በሆስፒታል የሚሠራበት መንገድ ነው።