መከታና ከለላ፦ የመኪና ሲኒማን የጦር ሜዳ ስለሚያደርግ የገበታ ጨዋታ ቃላት

ለገበታ የጦርነት ጨዋታ የተጻፈ ደንብ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ ተርጓሚውን አብዝቶ የሚያስቸግረው የመሣሪያው ስም አይደለም፤ ጠመንጃ፣ መትረየስና ታንክ ወደ ቋንቋችን ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የሚያስቸግረው የመሬቱ ቃል ነው። በዚህ ጨዋታ ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ያህል የሆነ የወታደር ምስሎች በጠረጴዛ ላይ፣ በእጅ በተሠራ መሬት መካከል ይሰለፋሉ። እርምጃቸው በሜትር ይለካል፤ ማን ማንን ማየትና መምታት እንደሚችል የሚታወቀውም ጉብታው፣ ግንቡና ዛፉ በቆሙበት ቦታ ነው። ደንቡ ስለ መሬት የሚናገረው ሁሉ ሕግ ስለ ሆነ፣ አንዱ ቃል ወደ ሁለት ፍቺ ካዘነበለ ሁለቱ ተጫዋቾች በየበኩላቸው ትክክል ይሆኑና ጨዋታው በክርክር ይቆማል።

ከእንዲህ ያሉት መሬቶች አንዱን እንደ ማሳያ እንወስዳለን፤ ይኸውም ታዳሚዎች ከመኪናቸው ሳይወርዱ ፊልም የሚያዩበት ሜዳ ነው። ከጥፋት በኋላ ስለ ቀረ ዓለም የሚተርኩ ጨዋታዎችን የሚወድዱ ሰዎች ይህን ሜዳ በጠረጴዛ ላይ መሥራት ደስ ይላቸዋል። በተርታ የቆሙ የዛጉ መኪኖች፣ በአንድ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚታይ ግዙፍ ስክሪን፣ በመካከል የፊልም ማጫወቻው ክፍልና የምግብ መሸጫው ይሠሩበታል። ሥራውም ከባድ አይደለም። በ1 ለ64 ምጣኔ 4.5 ሜትር ርዝመት ያላት መኪና 7 ሴንቲሜትር ያህል ትሆናለች፤ 15 ሜትር ስፋት ያለው ስክሪን ደግሞ ከ23 ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ዳማን በቆርኪ ለሚጫወትና ከሽቦ መኪና ለሚሠራ የኮልፌ ልጅ አንድ ቁራጭ ኮምፔርሳቶ፣ ጥቂት ካርቶንና ኮላ ይበቁታል።

በቅድሚያ የሜዳውን ስም እንመልከት። የእንግሊዝኛውን ስም ቃል በቃል ‘እየነዱ የሚገቡበት ቴአትር’ ብሎ መመለስ ሁለት ስሕተት ያስከትላል። አሜሪካውያን ‘ቴአትር’ ሲሉ የፊልም ማሳያን ጭምር ማለታቸው ነው፤ በአማርኛ ግን ቴአትር ተዋናይ በመድረክ ላይ ቆሞ የሚጫወተው ስለ ሆነ፣ አንባቢያችን ብሔራዊ ቴአትርን እንጂ ሲኒማ አምፒርን አያስብም። ደግሞም እየነዱ መግባት የነገሩ ዋና ጠባይ አይደለም፤ ዋናው ጠባይ ከገቡም በኋላ ከመኪና አለመውረድ ነው። ‘ሜዳ ሲኒማ’ ቢባል ሸራ ተወጥሮ ሕዝብ ቆሞ ከሚያየው ትርኢት ጋር ይቀላቀላል። ጀርመኖች ‘አውቶኪኖ’፣ የካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ‘ሲኔ-ፓርክ’ ይሉታል፤ አንዱ መኪናውን፣ ሌላው ግቢውን ይዞ ሰይሟል። በእኛ አስተያየት የጀርመኖቹ መንገድ ለአማርኛ ይስማማል። ‘የመኪና መንገድ’ እንደምንል ሁሉ ‘የመኪና ሲኒማ’ ማለት ይበቃል። እርግጥ ሕዝቡ ራሱ ቢሰይመው ከዚህ የጣፈጠ ስም ሳያገኝለት አይቀርም፤ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ ‘የሰይጣን ቤት’ ያለ ሕዝብ የቃላት ኮሚቴ አልጠበቀም።

ስለ ምስሎቹና ስለ መሬቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ‘አሻንጉሊት’ የሚለው ቃል የሕፃን መጫወቻነቱ ሳያንስ፣ የሌላ እጅ የሚያንቀሳቅሰው መንግሥትም በእርሱ ስለሚጠራ ከነቀፋ አልተላቀቀም። አገረ ገዥውን ወክሎ የሚሠራውን ሹም ‘ምስለኔ’ ያለ ቋንቋ፣ ወታደሩን ወክሎ በጠረጴዛ ላይ የሚቆመውን ‘ምስለ ወታደር’፣ እንዲሁም ‘ምስለ መኪና’ እና ‘ምስለ ዛፍ’ ለማለት አያቅተውም። ‘መልክዓ ምድር’ ለአገር እንጂ ለጠረጴዛ ይሰፋል፤ ተዋጊ ‘ገዥ መሬት ያዝን’ ሲል ‘መሬት’ ብቻውን እንደሚበቃው ሁሉ፣ እዚህም ‘የጨዋታ መሬት’ ይበቃል። ‘ሠንጠረዥ’ ለጨዋታው ጠቅላላ ስም ሊሆን በተቻለ ነበር፤ በዐረብኛ በኩል ከሕንድ የመጣ የጦር ጨዋታ ስም ነውና። ዳሩ ግን የቁጥርና የስታቲስቲክስ ዐምዶች ወስደውታል። ‘ገበታ’ን የመረጥነው ስለዚህ ነው። በነባሩ ሠንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ የሚንቀሳቀሱበት ክፍል ‘ወረራ’ ይባል ነበር፤ ቃሉ ውብ ነው፣ ነገር ግን ዛሬ ድንበር ጥሶ መግባትን ብቻ ስለሚያሳስብ ለምስሎቹ የመጀመሪያ አቋቋም ‘አሰላለፍ’ ይሻላል።

በእጅ የተሠራ መሬት ለዚህ ጨዋታ በኋላ የተጨመረ ጌጥ አይደለም። የፕሩሲያው ባሮን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሥ ፍሪድሪሕ ቪልሄልም 3ኛ ያቀረበው የጦርነት ጨዋታ፣ የመሬቱ ቅርጽ በተሠራባቸውና እንደ ተፈለገ በሚገጣጠሙ ሰሌዳዎች ላይ የሚካሄድ ነበር። ልጁ በ1824 ባሳተመው ደንብ ሰሌዳዎቹ ቀርተው ካርታ ተተካ። ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ መጽሐፍ ሲያሳትም ደግሞ መሬቱ እንደ ገና ተነሥቶ የሳሎን ወለል ላይ ቆመ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። የጨዋታ ደንቦች በእንግሊዝኛ ሁለት ነገሮችን አጥብቀው ይለያሉ፤ አንዱ ጥይትን የሚያስቆም ነገር ሲሆን፣ ሌላው ዐይንን ብቻ የሚያግድ ነገር ነው። የአማርኛ ተርጓሚ በብዛት ሁለቱንም ‘ሽፋን’ ይላቸዋል። ‘ሽፋን’ ደግሞ ከዐቅሙ በላይ የተሸከመ ቃል ነው፤ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የዜና ሽፋን፣ የመድን ሽፋን እንላለን፤ በጦር ሜዳም አንዱ ጓድ ሲንቀሳቀስ ሌላው እየተኮሰ ሲያግዘው ‘የተኩስ ሽፋን ሰጠ’ ይባላል። ይህ የመጨረሻው ፍቺ ለጨዋታውም ስለሚያስፈልግ ‘ሽፋን’ ለእርሱ ብቻ ቢተው መልካም ነው። ለቀሩት ሁለት ነገሮች አማርኛ የራሱ ሁለት ቃላት አሉት።

‘መከተ’ የሚመጣን ምት ተቀብሎ ማስቆም ነው። ጋሻ ይመክታል፤ ‘መከታ’ም ምቱ የሚያርፍበትና የማያሳልፈው ነገር ነው። ‘ከለለ’ ግን በዐይንና በሚታየው ነገር መካከል መግባት ነው። ፊልም በምናይበት ጊዜ ከፊታችን የቆመውን ሰው ‘አትከልለኝ’ እንለዋለን፤ ‘አትመክተኝ’ የሚል አንድም የለም። በኮልፌ ቀራኒዮ መንደሮች ሲያልፉ የሚታየው አጥር ልዩነቱን ያለ መዝገበ ቃላት ያስረዳል። የቆርቆሮ አጥር ግቢውን ከመንገደኛ ዐይን ይከልላል፤ ድንጋይ ቢወረወርበት ይጐደጕዳል፣ ጥይት ቢተኮስበት ግን ያሳልፋል። ቆርቆሮው ከለላ ነው። የድንጋይ ግንብ ደግሞ ይከልላልም፣ ይመክታልም። ቆሻሻ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ዳር ያለ ዝቅተኛ የድንጋይ ድጋፍ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ምንም አይከልልም፤ ለተኛ ሰው ግን መከታ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት የአንድ ነገር ደረጃዎች አይደሉም፤ አንዱ ያለ ሌላው ሊገኝ ይችላል።

የመኪና ሲኒማ ይህን ልዩነት ከሌላ መሬት ሁሉ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው በታሪኩ ምክንያት ነው። ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የተባለው አሜሪካዊ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለው ቤቱ ደጃፍ በዛፎች ላይ አንሶላ ወጥሮ፣ ማጫወቻውን በመኪናው አፍንጫ ላይ አስቀምጦ ሲሞክር ያጋጠመው ችግር የመከለል ችግር ነበር፤ የፊተኛይቱ መኪና ጣሪያ የኋለኛይቱን ተመልካች ይከልለዋል። የፊት ጎማዎቹን በግንድ ቁራጭ ከፍ እያደረገ ለካ፤ በመጨረሻም ሜዳውን በቅስት በተደረደሩ ተዳፋት መደቦች ከፈለው። በዚህ አሠራር የፈጠራ መብት አግኝቶ እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1933 ካምደን አጠገብ ሲኒማውን ከፈተ። ለእነዚህ መደቦች ‘እርከን’ የሚለውን የገበሬ ቃል እንመርጣለን። የኮንሶ እርከን ጠፍጣፋ፣ የሲኒማው ግን አንገቱን ቀና ያደረገ መሆኑ አይካድም፤ ‘ተዳፋት እርከን’ ማለት ልዩነቱን ይሞላል።

እንግዲህ ይህ መሬት ከለላን ለማጥፋት ተብሎ የተሠራ መሬት ነው። ከየትኛውም እርከን እስከ ስክሪኑ ድረስ የእይታው መስመር ክፍት ነው። የእይታ መስመር ደግሞ ወገን አይለይም፤ ተመልካቹ ስክሪኑን ካየ ስክሪኑ ሥር የቆመም ተመልካቹን ያያል፤ ነገር ግን እርሱ አንድ ሲሆን የሚያዩት ብዙ ናቸው። ጀማሪ ተጫዋች ግዙፍ ነገር መጠጊያ ይመስለዋልና ምስሎቹን ወደ ስክሪኑ ግርጌ ይሰዳቸዋል፤ በዚያም በየተርታው ካሉት መኪኖች ሁሉ ይታያሉ። ከስክሪኑ ጀርባ ቢያልፉ ተከለሉ እንጂ አልተመከቱም። የመኪናዋ በር ስስ ብረት ስለ ሆነ ለጠመንጃ ጥይት ከለላ ነው፤ በሞተሩ በኩል ግን መከታ ነው። የእርከኑ አፈር ለተኛ ምስል የታመነ መከታ ነው። በየመኪናው መቆሚያ የተተከለው የድምፅ ማጉያ እንጨት ከሁለቱም አይደለም፤ ሆኖም ተጫዋቾች ምስሎቻቸውን ከኋላው እያቆሙ የሚከራከሩበት እርሱ ነው።

ደንቡ በእነዚህ ቃላት ሲጻፍ እንዲህ ይነበባል፦ ‘ሙሉ ከለላ ባለው ምስል ላይ ማንም ማነጣጠር አይችልም። መከታ ብቻ ያለው ምስል ይነጣጠርበታል፤ ነገር ግን የመመታት ዕድሉ ይቀንሳል።’ በሁለቱም ስፍራ ‘ሽፋን’ አስገብቶ ያነበበ ሰው ዐረፍተ ነገሮቹ እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ያገኛቸዋል።

ጉዳዩ ከጠረጴዛው ላይ የሚወርደው እዚህ ላይ ነው። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ትምህርት የተማሩት በዚሁ በኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ሻለቃ ሰፈር ነበር። ስድስት ወር እንዲቆይ የታሰበው ሥልጠና በስምንት ሳምንት ቢቋረጥም፣ ተኩስን፣ ፈንጂንና ትጥቅ ይዞ ረጅም መንገድ መጓዝን ተምረውበታል። በእንዲህ ያለ ሜዳ አሠልጣኙ ‘ሽፋን ያዝ!’ ቢል በእጁ ወደ ቋጥኙ ይጠቁማል፤ ሠልጣኙም ይገባዋል። መጽሐፍ ግን እጅ የለውም። የተተረጐመውን መመሪያ ብቻውን የሚያነብ ወጣት፣ ቆርቆሮውም ግንቡም ‘ሽፋን’ ከተባሉለት የቀረበውን ይመርጣል። በሕክምናም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው። በራጅ ክፍል ውስጥ ሕመምተኛው ልብሱን የሚያወልቅበት ጨርቅ ከለላ ነው፤ ባለሙያው የሚለብሰው እርሳስ ያለበት ሽርጥ ደግሞ የጨረር መከታ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ የጥንቃቄ መመሪያ አንባቢውን አሳስቷል።

ሁለቱ ቃላት በምሳሌያዊ ንግግር እንደሚቀላቀሉ እናውቃለን። ‘የሕግ ከለላ’ ሰውን ከጥቃት ይጠብቃል እንጂ ከዐይን አይሰውረውም፤ በጸሎትና በምስጋናም ‘መከታዬ’ እና ‘ከለላዬ’ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ይህ የሙያ ፍቺን ለመወሰን እንቅፋት አይሆንም፤ መዝገበ ቃላቱ የጠቅላላውን ፍቺ በአንደኛ ተራ፣ የሙያውን በሁለተኛ ተራ ማስገባት ይችላል። ለሙያው ክፍል ያቀረብነው ረቂቅ ይህ ነው፦ ‘ከለላ፣ (ጦር፣ ጨዋታ) የእይታን መስመር የሚያቋርጥ ነገር፤ ምትን ማስቆሙ ግዴታ አይደለም። መከታ፣ (ጦር፣ ጨዋታ፣ ሕክምና) ምትን ወይም ጨረርን የሚያስቆም ወይም የሚያዳክም ነገር፤ ከእይታ መሰወሩ ግዴታ አይደለም።’

የቀረ አንድ ቃል አለ። ስክሪንን ‘መጋረጃ’ ብለው የሚመልሱ ተርጓሚዎች አሉ። መጋረጃ ከ‘ጋረደ’ የወጣ ነውና የሚሰውር እንጂ የሚያሳይ አይደለም፤ በሲኒማ ቤትም መጋረጃው ሲገለጥ ነው ፊልሙ የሚጀምረው። በጨዋታው መሬት ላይ ግን ያው ሰሌዳ ከፊቱ ላሉት ማሳያ፣ ከኋላው ላሉት ጋራጅ ይሆናል። ‘ስክሪን’ን እንዳለ ማስቀረት ለጊዜው የተሻለ መስሎን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ተጠቅመንበታል።