የእርዳታ እህል መዝገብና ካርታ ለሕዝብ ግልጥ ስለ ማድረግ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ረኃብም እንደዚሁ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ለብዙ ወራት ተሸፍኖ ስለ ቆየ፥ በቂ እርዳታ ሳይደርስ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። በዚያን ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙ አልወጣም ነበር። የኢኮኖሚው ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ ድኻው የሚገዛበት ገንዘብ አጥቶ ነበርና። ስለዚህ የገበያን ዋጋ ብቻ አይቶ አገሩ ደኅና ነው ማለት ያሳስታል።

እህሉ ከተላከ በኋላም ሌላ ፈተና አለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በኮምቦልቻ የነበረው የእርዳታ እህል ስለ ተዘረፈ፥ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኮምቦልቻና በደሴ ማደሉን አቆመ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ድርጅትና የአሜሪካ መንግሥት፥ እርዳታው ለችግረኛው ሳይደርስ ወደ ሌላ ይሄዳል ብለው በኢትዮጵያ ሁሉ የምግብ እርዳታውን ለወራት አገዱ። ያጠፋው ሌላ ሲሆን የተቀጣው የተራበው ሆነ።

የዚህ መድኃኒቱ መዝገቡን መግለጥ ነው። ከመጋዘን የወጣው ኩንታል፥ የወጣበት ቀንና የተላከበት ቀበሌ በሰሌዳ ይለጠፍ፤ በካርታም ላይ ተጽፎ ለሁሉ ይታይ። ለምሳሌ ከመጋዘን 400 ኩንታል ወጥቶ በቀበሌው ሰሌዳ 370 ቢጻፍ፥ የ30ው ኩንታል ነገር በዚያው ሳምንት ይጠየቃል፤ ዓመት ከቆየ ግን ፍለጋው ይጠፋል። እንዲህ ያለው መዝገብ ሌባውን ሲያጋልጥ፥ ንጹሑን ሹም ደግሞ ከሐሜት ያድነዋል።

ይህም አዲስ ትእዛዝ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው በሴፍቲኔት ሥራ የተረጂዎች ዝርዝር በሕዝብ ፊት እንዲገለጥ፥ ቅር ያለውም ሰው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት ተደንግጓል።

ሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛ፥ በካርታው ላይ የቤተ ሰቡ ቍጥር እንጂ የድኻው ስም አይጻፍ፤ ስሙ በቀበሌው ጉባኤ ቢነገር ይበቃል። ሁለተኛ፥ በካርታው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ቀበሌ ጠግቧል ማለት አይደለም፤ መንገድ ስለሌለው ቈጣሪ ያልደረሰበት ይሆናልና፥ አስቀድማችሁ ሰው የምትልኩት ወደዚያ ይሁን።

እንግዲህ ክቡራን ሹማምንት ሆይ፥ የተራበው ሰው እህሉ የት እንደ ደረሰ ሲጠይቃችሁ፥ በጣታችሁ የምታሳዩት ሰሌዳ ይኑራችሁ።