«ሂሳብህ ተከፍሏል»

ባለፈው ወር አብረን የተመረቅን ጓደኛሞች ቡና ልንጠጣ ተገናኝተን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። ከመካከላችን አንዱ «ገንዘብ አዋጥተን በትምህርት ክፍላችን ያሉ ችግረኛ ተማሪዎችን ለምን አንረዳም?» አለ። ሁላችንም ተስማማን። ክርክሩ የመጣው ቀጥሎ ነው። የአዋጪዎቹ ስም በእብነ በረድ ተጽፎ በሩ አጠገብ ይለጠፍ ወይስ ይቅር? እውነቱን ለመናገር፣ ይለጠፍ ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባል የለ? ልጆቼ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፉ ቢያነቡት ምን ይከፋል?

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ፈገግ ብላ «ያንተን ፎቶ ኮፒ የከፈለልህ ሰው ስሙ የት ተጽፏል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አባቴ ታመመና ከቤት የሚላክልኝ ገንዘብ ተቋረጠ። ሃንድአውት የምወስደው በዱቤ ሆነ። ዕዳው ሲከማች በፎቶ ኮፒ ቤቱ በኩል ማለፍ አፈርኩ፤ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። የፈተና ሰሞን ባለቤቱ ከሩቅ ጠርቶኝ «ሂሳብህ ተከፍሏል፤ እስከ ሰኔ ድረስም የሚያስፈልግህን ውሰድ» አለኝ። ማን እንደከፈለ ብጠይቀው «እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ» አለ። እስከ ዛሬ አላወቅኩም። መምህር ይሁን የክፍል ጓደኛ፣ ብቻ በማንም ፊት አንገቴን ሳልደፋ ተመረቅሁ።

የባለቤቴ ጥያቄ የአንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ታሪክ አስታወሰኝ። ቻክ ፊኒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1931 በኒው ጀርዚ ከአየርላንዳውያን ዘር ተወለደ። በአሜሪካ አየር ኃይል የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ካገለገለ በኋላ፣ መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮች በሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሆቴል አስተዳደር ተማረ። ድጋፉ ስላልበቃው ማታ ማታ ሳንድዊች እያዘጋጀ ለተማሪዎች ይሸጥ ነበር። በ1956 ተመረቀ። በ1960 ከኮርኔል ተማሪ ከነበረው ከሮበርት ሚለር ጋር ከቀረጥ ነፃ ሱቆችን ከፍቶ ቢሊየነር ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው የሚገርመው። በ1982 አትላንቲክ ፊላንትሮፒስ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በኩባንያው ውስጥ የነበረውን ድርሻ በምስጢር ለድርጅቱ አዛወረ። ርዳታ የሚቀበሉት ተቋማት ምንጩን እንዳይናገሩ ይጠየቁ ነበር። ምስጢሩ የወጣው በ1997 ሱቆቹ ሲሸጡ ነው፤ እንደሚታወቅበት ሲረዳ ራሱ ለጋዜጣ ተናገረ።

ከሁሉም ትልቁን ድርሻ ካገኙት አንዱ የተማረበት ኮርኔል ነው፤ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። በኒው ዮርክ ከተማ ለተሠራው የቴክኖሎጂ ካምፓስ ብቻ በ2011 350 ሚሊዮን ዶላር ተሰጥቷል። እኔን ግን ይበልጥ የነካኝ በ1982 በእሱ ድጋፍ የተጀመረው «ኮርኔል ትራዲሽን» ነው። እየሠሩ የሚማሩና ማኅበረሰብን የሚያገለግሉ ተማሪዎችን የብድር ዕዳ ያቃልላል። ሳንድዊች ሻጩ፣ እሱ የነበረበትን ችግር አልረሳም።

ስሙ በሕንፃ ላይ እንዲጻፍ አልፈቀደም። ከስምንት ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰጥቶ፣ እሱ ከባለቤቱ ጋር በሳን ፍራንሲስኮ በኪራይ አፓርታማ ይኖር ነበር፤ ሰዓቱም ርካሽ የፕላስቲክ ሰዓት ነበር። ድርጅቱ ገንዘቡን ጨርሶ በ2020 ተዘጋ። ዩኒቨርሲቲው በ2021፣ ፊኒ 90 ዓመት ሲሞላው፣ በግቢው ውስጥ የሚያልፍ አንድ መንገድ በስሙ ሰየመ። በጥቅምት 2023 በ92 ዓመቱ አረፈ።

ስም መጻፍ ሁልጊዜ ክፉ ነው አልልም። የአንዱ ስም ሌላውን ለመስጠት ያነሣሣል። ፊኒም በኋላ ላይ፣ ባለጸጎች በሕይወት ሳሉ እንዲሰጡ ለማበረታታት በግልጽ ቆሟል። ነገር ግን የእኛ እብነ በረድ የሚለጠፈው ተረጂው ልጅ በየቀኑ በሚገባበት በር ላይ ነው። በየጠዋቱ የአበዳሪዎቹን ስም ዝርዝር እንደሚያነብ ባለዕዳ አይሆንብንም?

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ ተናገርኩ። ሁለት ጓደኞቼ ቅር ቢላቸውም እብነ በረዱ ቀረ። ገንዘቡ በሒሳብ መዝገብ በአግባቡ ይያዛል፤ እኛም እንቆጣጠረዋለን። ተማሪው ግን ማን እንደሰጠው አይነገረውም። መጀመሪያ የምናደርገውንም ወስነናል፤ ግቢው አጠገብ ካሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ጋር እንነጋገራለን።

ከአንዱ ጋር ተነጋግሬያለሁ። «ተማሪዎቹ ማን ከፈለ ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል?» አለኝ።

«ሂሳብህ ተከፍሏል በላቸው፤ ይበቃቸዋል» አልኩት።