«የኩላሊትህ ደም ስር የተለየ ነው» ስንባል መደንገጥ አለብን?



ሰሞኑን አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ደሴ ድረስ መጥቶ የሲቲ ስካን ውጤቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። እህቱ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት፤ እሱ ደግሞ ኩላሊቱን ሊሰጣት ምርመራ ጀምሯል። ወረቀቱ ላይ «ሬትሮአኦርቲክ የግራ ኩላሊት ደም መልስ» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ አድሮ ጭራሽ ጭንቀቱ ብሶበታል። «ዶክተር፣ እኔም በሽተኛ ነኝ ማለት ነው? የእህቴስ ነገር በቃ?» አለኝ። ፈቅዶልኝ፣ ማንነቱን ሳልጠቅስ፣ ለሱ ያስረዳሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የተለመደውን እንወቅ

ደም ወደ ኩላሊት የሚገባው በደም ቅዳ ነው፤ ተጣርቶ የሚመለሰው በደም መልስ። የሁለቱም ኩላሊቶች ደም መልስ ቬና ካቫ ከሚባለው ትልቅ ደም መልስ ጋር ይገናኛል። ቬና ካቫ ወደ ቀኝ ስለሚያደላ የቀኙ መንገድ አጭር ነው፣ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የግራው ግን ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ለመድረስም ዋናውን ደም ቅዳ፣ አኦርታን፣ በፊት ለፊቱ ማቋረጥ አለበት።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

👉 ሬትሮአኦርቲክ፦ የግራው ደም መልስ በአኦርታ ፊት ሳይሆን በጀርባው፣ በአኦርታና በአከርካሪ መሃል ያልፋል። ከመቶ ሰው ሁለት ሦስቱ ላይ ይገኛል።
👉 ሰርከምአኦርቲክ፦ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ እያለፈ አኦርታን እንደ ቀለበት ይከበዋል።
👉 ተጨማሪ ደም መልስ፦ አንድ በሚጠበቅበት ቦታ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ይሄ በቀኝ በኩል ይበዛል።

ፅንስ እያለን በአኦርታ ዙሪያ የደም መልስ ቀለበት ይኖራል። ብዙውን ጊዜ የኋላው ክፍል ይጠፋል፤ አንዳንዶቻችን ላይ ግን ይቀራል። በቃ፣ አፈጣጠር ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ የምንወርደው በሐረጎ ነው አይደል? መንገዱ በተራራው በሌላ ጎን ቢሠራ ኖሮም ኮምቦልቻ መግባታችን አይቀርም ነበር። ደሙም እንደዚያው ነው፤ አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ይኖራል።

መቼ ነው ችግር የሚሆነው?

1. መንገዱ ሲጠብ። የግራው ደም መልስ በአኦርታና ወደ አንጀት በሚሄደው ደም ቅዳ መሃል፣ ወይም በአኦርታና በአከርካሪ መሃል ተጨፍልቆ ምልክት ሲያመጣ «ነትክራከር ሲንድሮም» ይባላል። ሽንት ላይ ደም፣ የግራ ጎን ሕመም፣ ወንዶች ላይ ደግሞ በግራ የዘር ፍሬ በኩል የደም ስር ማበጥ (ቫሪኮሲል) ሊያመጣ ይችላል። የግራ ዘር ፍሬ ደም መልስ የሚገባው እዚሁ የግራ ኩላሊት ደም መልስ ውስጥ ነዋ!

ግን አደራ፣ ሽንታችሁ ላይ ደም ስታዩ «ነትክራከር ነው» ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ። ጠጠር፣ ኢንፌክሽን፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ባያምም፣ አንዴ ታይቶ ቢጠፋም ተመርመሩ።

2. ቀዶ ሕክምና ሲኖር። በጀርባ የሚያልፍ ደም መልስ መኖሩ አስቀድሞ ካልታወቀ ሳይታሰብ ሊቆረጥና ከባድ መድማት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ውጤታችሁን አትጣሉ፤ የሆድ ወይም የጀርባ ቀዶ ሕክምና ካላችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።

3. ኩላሊት ሲለገስ። አገራችን ውስጥ ንቅለ ተከላ በጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀምሯል። ከለጋሽ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የግራው ኩላሊት ነው፤ ደም መልሱ ረጅም ስለሆነ ለመስፋት ይመቻል። ለጋሹ ቀድሞ ሲቲ ስካን የሚነሳውም ሐኪሞቹ መንገዱን አውቀው እንዲገቡ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። «አብሽር፣ ይሄ በሽታ አይደለም» አልኩት። የደም መልሱ በኋላ ማለፉ ብቻውን ከመለገስ አይከለክልም፤ እንዲህ ያለ ኩላሊትም በተሳካ ሁኔታ ይነቀላል፣ ይተከላል። የትኛው ኩላሊት ይሻላል፣ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን ግን ሁሉንም ምርመራ አይቶ የሚወስነው የንቅለ ተከላ ቡድኑ ነው። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና መጀመሪያ የደወለው ለእህቱ ነበር።

ያልገባችሁን የምርመራ ውጤት ይዛችሁ ብቻችሁን አትጨነቁ፤ ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ።